ደጋን በራስፓ ማበጀት፦ የትኛውን መያዝ፣ እንዴት መግፋት፣ የት ማቆም

የእንጨት ደጋን መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «የትኛውን ራስፓ ልግዛ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ራስፓ የምለው ሻካራ ጥርሶች ያሉትን፣ እየተገፋ እንጨት የሚያወርደውን ብረት ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው። ከግዢው ጥያቄ ቀጥሎ ደግሞ ሁሌም ሌላ ይመጣል፤ «በራስፓ እየሠራሁ ደጋኑ ድንገት ላላብኝ፣ ምን አጠፋሁ?» የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ቦታ ነው ያለው፤ የራስፓው ጥርስ እንጨቱ ላይ ጥሎት በሚሄደው ጭረት ጥልቀት ላይ።

በመጀመሪያ በቃላት እንስማማ። ደጋን የምለው የሚጎብጠውን እንጨት ነው። የሚወረወረውን ፍላጻ እላለሁ። ጀርባ ማለት ስትስቡ ወደ ዒላማው የሚዞረው ፊት ነው። ሆድ ደግሞ ወደ እናንተ የሚዞረው። ከእጀታው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄዱት ሁለቱ ክንዶች ናቸው። ደጋኑ ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል። ራስፓ የሚሠራው ሆዱና ጎኖቹ ላይ ነው፤ ጀርባውን አይነካም። ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ።

ራስፓና ሞረድ

ሞረድ ላይ ጥርሶቹ ዳር እስከ ዳር የተሰመሩ መስመሮች ናቸው። ራስፓ ላይ ግን እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው ተመትቶ የተነሳ ነው። በጥርሶቹ መሃል ክፍተት ስላለ ሰጋቱራው መውጫ ያገኛል። ሞረድ እንጨት ላይ ቶሎ የሚደፈነው ይህ ክፍተት ስለሌለው ነው።

«መላጊያ እያለኝ ራስፓ ለምን?» የሚሉም አሉ። የመላጊያ ምላጭ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይገባል። ጅማቱ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ወይም ጉጥ ካገኘው እንጨቱን ይፈለቅቀዋል። ለጠረጴዛ ቢሆን በማጣበቂያ ይስተካከላል፤ ለደጋን ግን ያቺ የተፈለቀቀች ቦታ መሰበሪያ ልትሆን ትችላለች። የራስፓ ጥርስ አጭር ስለሆነ የነካውን ብቻ ይቆርጣል። ለዚህ ነው በጉጥ ዙሪያና በተጣመመ እንጨት ላይ ራስፓ የሚታመነው።

ጭረት ለምን ትልቅ ነገር ሆነ?

የክንድ ግትርነት ከስፋቱ ጋር በቀጥታ ነው የሚሄደው፤ ከውፍረቱ ጋር ግን በሦስተኛ ኃይል። ማለትም 50 ሚ.ሜ. ስፋት ካለው ክንድ ጎን 1 ሚ.ሜ. ብትወስዱ ግትርነቱ 2 በመቶ ብቻ ይቀንሳል። 12 ሚ.ሜ. ውፍረት ካለው ክንድ ሆድ ላይ ያንኑ 1 ሚ.ሜ. ብትወስዱ ግን 23 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ግማሽ ሚ.ሜ. እንኳ ብትወስዱ 12 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ራስፓው እንመለስ። ሻካራ ራስፓ ግማሽ ሚ.ሜ. የሚጠልቅ ጭረት ትቶ ቢሄድ፣ ያንን ጭረት ለማጥፋት ዙሪያውን እስከ ጭረቱ ግርጌ ማውረድ ግድ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ውፍረታችሁ የጭረቱ ግርጌ እንጂ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያው) የሚያሳያችሁ ቁጥር አይደለም። ካሊፐሩ የሚያርፈው በጭረቶቹ መሃል የቀሩት ጉብታዎች ላይ ነው። «ለማለስለስ ትንሽ ፋቅኩትና ደጋኑ ላላ» የሚለው ሰው ሁሉ የከፈለው ይህንን ዕዳ ነው።

የትኛውን ልምረጥ?

ለደጋን ሥራ ሁለት ዓይነት ይበቃል፤ አንድ ቶሎ የሚያወርድ ሻካራ፣ አንድ ጭረቱ ጥልቅ ያልሆነ ለስላሳ። ገበያ ላይ የምታገኟቸው ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

የፈረስ ኮቴ ራስፓ። 35 ሳ.ሜ. አካባቢ ርዝመት አለው፣ ሰፊና ከባድ ነው። አንዱ ፊቱ ሻካራ ራስፓ፣ ሌላው ሞረድ ነው። ርዝመቱ ለደጋን ትልቅ ጥቅም አለው፤ ረጅምና ቀጥ ያለ መሣሪያ እንጨቱ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ይከብደዋል። ለኮቴ አላገለግል ብሎ የተጣለ አሮጌ ራስፓ ለእንጨት ገና ብዙ ይሠራል፤ ካገኛችሁ አትለፉት። ጉዳቱ ጭረቱ ጥልቅ መሆኑ ነው። ለመጀመሪያው ማውረድ ብቻ ተጠቀሙበት።

ሺንቶ የሚባለው የጃፓን ራስፓ። ይህ በእውነት ራስፓ ሳይሆን፣ እርስ በርስ የተያያዙ የመጋዝ ምላጮች እንደ መረብ ተደርገው የተሠሩበት መሣሪያ ነው። በአንዱ ፊት በኢንች 11፣ በሌላው 25 ጥርስ አለው። መሃሉ ክፍት ስለሆነ ሰጋቱራ አይዘው። በሻካራው ፊት አውርዳችሁ ገልበጥ አድርጋችሁ በለስላሳው ትቀጥላላችሁ። አንድ ብቻ ልግዛ ካላችሁ እኔ የምለው ይህን ነው። ሁለቱም ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ግን የእጀታውን ቅርጽ አያወጣላችሁም።

ግማሽ ክብ የካቢኔት ራስፓ። አንዱ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው የተጎነበሰ ነው። እጀታውና ክንዱ የሚገናኙበት ቦታ ያለዚህ አይሠራም። በማሽን ከተሠሩት ውስጥ ኒኮልሰን የሚባለው ፋብሪካ ቁጥር 49 እና ቁጥር 50 የታወቁ ናቸው፤ 50 ከ49 ይለሰልሳል። በእጅ የተመቱት ደግሞ አሉ። የእነሱ ጥርስ በሰልፍ ስላልተደረደረ አንዱ ጥርስ የሌላውን ቦይ ደግሞ አይቆፍርም። በዚህ የተነሳ አይንቀጠቀጡም፣ ፊቱንም ለስለስ አድርገው ይተዉታል። በእጅ የሚመቱ የፈረንሳይ ራስፓዎች ከ1 እስከ 15 ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥርሱ ይደቅቃል። ለደጋን መሃል ላይ ያሉት፣ 8 ወይም 9፣ ጥሩ ናቸው። እነዚህ ውድ መሣሪያዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ደጋን የግድ አይደሉም።

ባለ አራት ፊት አጭር ራስፓ። 20 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ እጀታ የለውም፤ ራስፓም ሞረድም በአንድ ላይ ይዟል። ለደጋኑ እጀታ ቅርጽ ይሆናል። ለክንድ ግን አጭር ነው፤ አጭር መሣሪያ የእጃችሁን መወዛወዝ ሁሉ እንጨቱ ላይ ይጽፈዋል።

ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ የአትክልት መፈቅፈቂያ የሚመስለው ስስ ብረትም አለ። ፈጣን ነው። ምላጩ ስስ ስለሆነ ሲጫኑት ይተጣጠፋልና ለጎን እንጂ ለሆድ አልመርጠውም።

ስትገዙ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በርዝመቱ ተመልከቱት። ራስፓ ሲጠነክር በሙቀቱ ሊጣመም ይችላል፤ የተጣመመውን መልሱት። ከዚያ ብርሃን በጎን እንዲመታው አድርጋችሁ ጥርሶቹን እዩ። ጫፋቸው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደንዝዘዋል። ቁራጭ እንጨት ካለ ሞክሩት፤ ስለታም ራስፓ ትንንሽ ፍቅፋቂ ያወጣል፤ የደነዘዘው ዱቄት ብቻ ነው የሚያወጣው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሻካራ ራስፓ (የፈረስ ኮቴ ወይም የሺንቶው ሻካራ ፊት)
- ለስላሳ ግማሽ ክብ ራስፓ፣ 25 ሳ.ሜ. አካባቢ
- ጠፍጣፋ ሞረድ፣ ለጠርዝ
- 4 ሚ.ሜ. ክብ ሞረድ፤ የሞተር መጋዝ ሰንሰለት መሞረጃው ልክ ይሆናል
- የብረት መፋቂያ
- ሞርሳ፣ ሁለት ቁራጭ ወፍራም ቆዳ፣ አንድ ሞርሴቶ
- እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ካሊፐር
- የሽቦ ብሩሽ፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽና ጠመኔ
- 120 እና 220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት
- የዓይን መነጽርና የአቧራ ጭንብል
- የደጋኑን ክብደት፣ ማለትም ለመሳብ የሚጠይቀውን ጉልበት፣ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን

እንጨቱ ደርቆ፣ የደጋኑ ቅርጽ ተስሎ፣ በመጋዝ ወይም በመጥረቢያ ሻካራ ሆኖ ወጥቷል ብዬ ነው የምነሳው። እርጥብ እንጨት ላይ ራስፓ አታንሱ። ጥርሱን ይደፍነዋል፤ ያልደረቀ ደጋን ደግሞ ስታመጣጥኑት (ክንዶቹ እኩል እንዲጎብጡ ስታደርጉት) ጎብጦ ይቀራል።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ሹል ጭራ ያለውን ራስፓ እጀታ ሳትገጥሙለት አትጠቀሙ። የጭራው ሹል ብረት ራስፓው ድንገት ሲያዝ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ጭንብል አድርጉ። የማንኛውም እንጨት ደቃቅ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ዩው የሚባለው የደጋን እንጨት ደግሞ ዛፉ ራሱ መርዛማ ነው። እንጨቱን በጉልበት አቅፋችሁ አትሥሩ። ራስፓ ቆዳ ሲነካ ንጹህ ቁርጥ ሳይሆን የተቦጫጨቀ ቁስል ነው የሚተወው።

አሠራር

1. ደጋኑን እሰሩ። የሞርሳውን መንጋጋዎች በቆዳ ሸፍኑ፤ ጀርባው ላይ የሚቀር ጥርስ ወይም ጭምቅ የስብራት መነሻ ይሆናል። ሆዱ ወደ ላይ ይሁን፣ ከፍታው ክርናችሁ ጋ ይድረስ። ክንዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ስትገፉ ይርገበገባል። ራስፓው ሲዘል የምትሰሙት «ድድድድ» ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከክንዱ ሥር እንጨት ደግፉ፣ በሞርሴቶ ያዙት።

2. መስመር ሳሉ። ከጀርባው ተነስታችሁ በሁለቱም ጎኖች የውፍረቱን መስመር በእርሳስ አስምሩ። ጀርባው የሚወጣ የሚወርድ ከሆነ መስመሩም አብሮ ይውጣ ይውረድ፤ በማስመሪያ ቀጥ አታድርጉት። ውፍረቱ እኩል መሆን ያለበት ከጀርባው አንጻር ነው። በመጋዝ ወይም በመጥረቢያ ስታወርዱ ከመስመሩ 2 ሚ.ሜ. አስቀሩ። ያቺ 2 ሚ.ሜ. የራስፓው ድርሻ ናት።

3. ከጎኖቹ ጀምሩ። ስፋቱ ሳይስተካከል ውፍረቱን ብታስተካክሉ ሥራው ድግግሞሽ ይሆናል። ራስፓውን ከጀርባ ወደ ሆድ አቅጣጫ አጋድማችሁ ግፉ። ጥርሱ ከእንጨቱ በሚወጣበት ጠርዝ ላይ ጅማት ይነቅላል። መውጫው ሆድ ላይ ከሆነ የተነቀለው ኋላ ይወርዳል፤ ጀርባ ላይ ከሆነ ግን እዚያው ይቀራል።

4. አያያዙን አስተካክሉ። አንድ እጅ እጀታው ላይ፣ ሌላው ጫፉ ላይ። ራስፓ የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ስትመልሱት ከእንጨቱ አንሱት፤ እየጎተታችሁ መመለስ ምንም ሳይቆርጥ ጥርሱን ያደነዝዘዋል። ከእንጨቱ ርዝመት ጋር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አጋድማችሁ፣ ወደ ፊትም ወደ ጎንም እያንሸራተታችሁ፣ በአንድ ግፊት 15 ወይም 20 ሳ.ሜ. ሂዱ። አጭር አጭር ማሸት ጉድጓድ ይሠራል። ጫናውን ለራስፓው ክብደት ተዉት። እጃችሁ ከደከመ ወይ ራስፓው ደንዝዟል ወይ ከልክ በላይ እየተጫናችሁ ነው።

5. አቅጣጫ ቀያይሩ። ጥቂት ጊዜ ወደ ቀኝ አጋድማችሁ ከገፋችሁ በኋላ በዚያው ቦታ ወደ ግራ አጋድሙ። አዲሱ ጭረት አሮጌውን ሲያቋርጥ ያልተነካው ቦታ ጎልቶ ይታያል፤ ዝቅ ያለው እዚያ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄዳችሁ ራስፓው የራሱን ቦይ ተከትሎ እየጠለቀ ይሄዳል። ይህች እርምጃ ቀላል ትመስላለች። አብዛኛው ጀማሪ የሚዘላት ግን እሷን ነው።

6. ሆዱን እንደ ጣሪያ አውርዱ። በቀጥታ ጠፍጣፋ ለማድረግ አትሞክሩ። መጀመሪያ አንዱን ጠርዝ አጋድማችሁ እስከ ጎኑ መስመር አውርዱ፤ መሃሉን አትንኩ። ከዚያ ሌላውን ጠርዝ እንዲሁ። አሁን ሆዱ መሃሉ ከፍ ያለ የቤት ጣሪያ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ብቻ የመሃሉን ጉብታ ዝቅ አድርጉ። ጥቅሙ ምንድን ነው? ጠርዙ ላይ ስትሠሩ መስመሩን በዓይናችሁ እያያችሁ ነው። ሁለቱ ጠርዞች ልክ ከደረሱ መሃሉን ለማውረድ የምትሄዱበት ጥልቀት ታውቋል። ከመጀመሪያው ጠፍጣፋ የሚሠራ ሰው ግን አንዱን ጎን ሲያይ ሌላው ጎን ከመስመሩ ያልፍበታል፤ ክንዱም ይጠመዘዛል።

7. ሆዱን በእርሳስ አጥቁሩት። መስመሩ ጋ ስትቃረቡ ሆዱን በሙሉ በእርሳስ ሞነጫጭሩት። ከዚያ እርሳሱ እስኪጠፋ ብቻ ውሰዱ፤ ሲጠፋ አቁሙ። ይህ በክንዱ ርዝመት ሁሉ እኩል ስስ ሽፋን ለማንሳት የማውቀው ቀላሉ መንገድ ነው። ዓይን ይሸወዳል፣ እርሳስ አይሸወድም። ሌላ መውሰድ ካስፈለገ እንደገና ሞነጫጭሩ።

8. መሬት ላይ ሞክሩ። የአንዱን ክንድ ጫፍ መሬት ላይ አድርጋችሁ እጀታውን ይዛችሁ በቀስታ ተጫኑ። ክንዱ ትንሽ ጎበጥ ማለት ሲጀምር የሻካራው ራስፓ ሥራ አለቀ። ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እጅ የለመደውን ያነሳልና ጠረጴዛው ላይ አትተዉት። እኔ አንድ ጥሩ ደጋን ያጠፋሁት በዚህ ነው፤ ለስላሳውን ለመፈለግ ሰነፍኩና በፈረስ ራስፓ «ሁለት ጊዜ ብቻ» ልግፋ አልኩ። ጭረቱን ለማጥፋት ስፍቅ፣ ለአዋቂ የታሰበው የልጅ ደጋን ሆኖ ወጣ።

9. ከእጀታ ወደ ክንድ የሚወርደውን በግማሽ ክቡ ሥሩ። ወፍራሙ እጀታ ወደ ስሱ ክንድ የሚወርደው በቀስታ፣ እንደ ተዳፋት መሆን አለበት። እዚህ ጋ ደረጃ ወይም ድንገተኛ ጉድጓድ ከተፈጠረ መታጠፉ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። የተጎነበሰውን ፊት ይዛችሁ ከእጀታው ወደ ክንዱ እያዞራችሁ ግፉ። አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ፤ እያንዳንዱ ግፊት ክንዱ ላይ ሄዶ ይሙት። ተዳፋቱ ራሱ ባይጎብጥ ይሻላል፤ ስለዚህ ከዚህ የሚወሰደው ለቅርጽ ያህል ብቻ ነው።

10. አጎባበጡን አመጣጥኑ። ጫፎቹ ላይ የገመድ ማሰሪያ ቦይ አውጡ። 4 ሚ.ሜ. ክብ ሞረዱን በ45 ዲግሪ ከጎን ወደ ሆድ አዙሩት፤ ቦዩ ጀርባውን አቋርጦ አይለፍ። ረዘም ያለ ገመድ እሰሩ፣ ደጋኑን እጀታው ላይ የሚደግፍ መቆሚያ ላይ አስቀምጣችሁ ገመዱን ወደ ታች በቀስታ ሳቡ። ራቅ ብላችሁ ክንዶቹን እዩ። የማይጎብጥ፣ ቀጥ ብሎ የቀረ ቦታ ካለ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በለስላሳ ራስፓ የምትነኩት ያንን ብቻ ነው።

ዓይናችሁን ካላመናችሁ 15 ሳ.ሜ. ቀጥ ያለ ቁራጭ እንጨት ውሰዱ፣ መሃሉን በስታችሁ እርሳስ አስገቡ። ደጋኑ በተሳበበት ሆዱ ላይ አስቀምጡት። በደንብ በጎበጠው ቦታ ላይ የእርሳሱ ጫፍ ለጥቂት እንዳይነካ አድርጋችሁ አጥብቁት። ከዚያ ከእጀታው አጠገብ እስከ ጫፉ አንሸራቱት። እርሳሱ የጻፈበት ቦታ ከሌላው ያነሰ የጎበጠ ነው፤ እንጨት የሚወሰደው ከዚያ ነው።

ግፊቶቻችሁን ቁጠሩ። አምስት ግፊት እዚህ፣ አምስት እዚያ። ከዚያ ደጋኑን ከ20 እስከ 30 ጊዜ በግማሽ ስበት (ገመዱን እስከ ግማሽ ብቻ እየሳባችሁ) አሠሩትና እንደገና እዩ። እንጨት የተወሰደበትን ወዲያው አያሳይም፤ ጥቂት ጎብጦ ሲመለስ ነው ለውጡ የሚወጣው። ይህን ሳትጠብቁ ከቀጠላችሁ ቀድሞ የተስተካከለውን ደግማችሁ ታሳሳላችሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ። ደጋኑን ካሰባችሁት ክብደት በላይ አትሳቡት፤ ሚዛኑ ያንን ክብደት ካሳየ ገመዱ የታሰበለት ርቀት ባይደርስም እዚያው አቁሙ፣ አመጣጥኑ፣ ከዚያ ቀጥሉ። የሳባችሁትን ገመድ ደግሞ ፍላጻ ሳይኖር አትልቀቁት። የፍላጻው ድርሻ የሆነው ጉልበት ሁሉ ወደ እንጨቱ ይመለስና ሊሰብረው ይችላል።

11. ራስፓውን አስቀምጡ። ይህ ከሁሉም የበለጠ የምጠየቀው ነው፦ መቼ? የእኔ ልክ ከታሰበው ክብደት 10 ፓውንድ (4.5 ኪ.ግ. ያህል) ሲቀር ነው። 50 ፓውንድ ደጋን የምትፈልጉ ከሆነ፣ ሚዛኑ በሙሉ ስበት 60 እንደሚሆን ሲያመለክት ራስፓው ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የብረት መፋቂያ ሥራ ነው። ከ10ሩ ፓውንድ የተወሰነውን የጭረቱ ማጥፊያ ይወስደዋል፤ የተወሰነውን የመጨረሻው ማመጣጠን፤ ቀሪውን የብርጭቆ ወረቀቱ። መፋቂያ አንዴ ሲያልፍ የሚያነሳው እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ስህተት ቢሆን እንኳ ስህተቱ ትንሽ ነው።

12. ጠርዞቹን አክብቡ። ይህ የራስፓ ሳይሆን የሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። የጀርባው ሁለት ጠርዞች ሹል ሆነው ከቀሩ ሲለጠጡ ከእነሱ ላይ ስንጥር ይነሳል። 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ያህል ክብ አድርጓቸው፤ ሞረዱን በርዝመቱ አስኪዱ እንጂ ጠርዙን አቋርጣችሁ አትሞርዱ። ይህን ደጋኑ ብዙ ሳይሳብ ቀደም ብላችሁ ብትሠሩት ይመረጣል። እዚህ ያስቀመጥኩት ስለ ራስፓው መጨረስ ስላለብኝ ነው።

ጀርባውን ለምን አንነካም?

እንጨት በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ጥሩ ጀርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ በአንድ ቀለበት ላይ የሚሄድ ነው። ኦሴጅ ኦሬንጅን በመሳሰሉ እንጨቶች ላይ ይህን አንድ ቀለበት ለማግኘት በባለ ሁለት እጀታ ቢላና በመፋቂያ ረጅም ሰዓት ይሠራል። የራስፓ ጥርስ ያንን ቀለበት በመቶ ቦታ ይበጥሰዋል። ጀርባው ሲለጠጥ እያንዳንዱ ብጣሽ የስንጥር መነሻ ይሆናል። ሆድ ግን ስለሚጨመቅ ቀለበቱ ቢቆረጥ ችግር የለውም።

ራስፓው አምልጧችሁ ጀርባውን ቢጭረው፣ ጭረቱ በጣም ስስ ከሆነ በርዝመቱ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጥልቅ ከሆነና ጅማት ከበጠሰ ጀርባውን በሙሉ ወደ ታችኛው ቀለበት ማውረድ ወይም ጨርቅ ወይም የእንስሳ ጅማት ለጥፎ መሸፈን ነው ያለው። ሁለቱም ከባድ ሥራ ናቸው።

ዘወትር የማያቸው ስህተቶች

መታጠፊያ መፍጠር። በአንድ ቦታ ከልክ በላይ ተወስዶ ክንዱ እንደ በር ማጠፊያ እዚያች ላይ ብቻ ይታጠፋል። የተወሰደ እንጨት አይመለስም። መፍትሔው ያችን ቦታ ፈጽሞ ሳይነኩ ግራና ቀኟን ማሳሳት ነው። ክብደቱ ይወርዳል፤ ደጋኑ ግን ይተርፋል።

ጉጥ ላይ ጠፍጣፋ ማድረግ። በጉጥ ዙሪያ ጅማቱ ይዞራል፤ ቦታው ደካማ ነው። በሁለቱም ጎን ትንሽ ስፋት፣ በሆዱም ትንሽ ውፍረት ተዉለት። መስመሩ ጉጡ ጋ ሲደርስ ቢያብጥ አይክፋችሁ።

ሁለቱን ክንዶች በአንድ ጊዜ አለመሥራት። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ሁለተኛው ላይ እጁ ይፈጥናል። ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ።

በተደፈነ ራስፓ መሥራት። ሰጋቱራ ጥርሱን ሲሞላው ራስፓው አይቆርጥም፣ ይንሸራተታል። ሰውየውም ይብሱን ይጫናል። ድንገት ንጹህ ጥርስ እንጨቱን ሲያገኝ ከተፈለገው በላይ ይነክሳል። በየጥቂት ደቂቃው አቁማችሁ ጥረጉት።

ከራስፓ በቀጥታ ወደ ብርጭቆ ወረቀት መዝለል። ወረቀት ጉብታውንም ቦዩንም አብሮ ስለሚያሸው ጭረቱ ለስለስ ብሎ እዚያው ይቀራል። ዘይት ሲቀባ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። መሃሉ ላይ መፋቂያ የገባው ለዚህ ነው።

የራስፓው አያያዝ

በማሽን የተሠራውን በሽቦ ብሩሽ፣ በእጅ የተመታውን በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ አጽዱ፤ የብረት ሽቦ የእጅ ጥርሶችን ጫፍ ያበላሻል። ከመጀመራችሁ በፊት ጥርሱን ጠመኔ ብታሹት ሰጋቱራ ቶሎ አይጣበቅበትም። ሙጫ ከያዘው በአልኮል አርጥባችሁ ጥቂት ጠብቁና በብሩሽ አውጡት። ለማራገፍ ሞርሳ ላይ አትምቱት። የራስፓ ብረት በጣም የጠነከረ ስለሆነ ይሰበራል፤ ጥርሱም ይረግፋል።

ራስፓዎችን አንድ ሳጥን ውስጥ ከምራችሁ አታስቀምጡ። እርስ በርስ ሲፋጩ በእንጨት ከሚደነዝዙት በላይ ይደነዝዛሉ። እያንዳንዱን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሉት ወይም ግድግዳ ላይ ለየብቻ ስቀሉት። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት ከሆነ ስስ ዘይት አስነኩት፤ እንደገና ስታወጡት ግን መጀመሪያ ቁራጭ እንጨት ላይ ግፉት፣ ዘይቱ ደጋኑ ላይ እንዳያርፍ።